ስለ ገበሬው የሚወራው ለማን ነው?

በአገራችን ስለ ገበሬ ያልተወራበት ዘመን የለም። ራዲዮኑ ያወራል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ቴሌቪዥኑ የተንዠረገገ ማሳ እያሳየ ዘፈን ይለቅበታል፤ እኛም ብንሆን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የገበሬውን ኑሮ ስንተነትን ማን ይችለናል! ታዲያ ይህ ሁሉ ወሬ መንግሥት ስለ እርሻ የሚያወጣውን መመሪያ ይለውጠዋል ወይ? ይለውጠዋል። ለማን ጥቅም ነው የሚለውጠው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን የኢኮኖሚ ወይም የፖለቲካ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ከሥሩ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሰው ኑሮ ለሦስተኛ ሰው ሲናገር፣ ለዚያ ኑሮው ለተነገረበት ሰው ዕዳ የለበትም ወይ? ካለበትስ ዕዳው እውነቱን በመናገር ብቻ ይከፈላል?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታ ይዘን እንነሣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት የያዘ መንገደኛ ሐሙሲትን ያገኛል፤ በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ጉማራን ይሻገርና የፎገራ ሜዳ ይዘረጋለታል፤ በስተግራው ጣና፣ ከፊቱ ወረታ። በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይለብሳል። ለረጅም ዘመን ይህ አገር የከብት አገር ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራ ናት። ውኃ የሚተኛበትን መሬት አርሶ ብዙ መብላት አይቻልምና።

በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ባሉበት፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ሩዝ በሙከራ ተዘራ። ደርግ ሲወድቅ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን አልፈረሰም። ገበሬው ዘሩን ከጎረቤቱ እየወሰደ፣ የጎረቤቱን ማሳ በዓይኑ እያየ፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ ሩዝ አለበሰው። ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ አድርጎ በላው፤ ጠላም ጠመቀበት። ‘ኤክስ ጅግና’ የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። መንግሥት የሩዝ ስትራቴጂ ብሎ ጽፎ ያወጣው፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ያቋቋመው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2000ዎቹ ነው። እንግዲህ ፎገራን የለወጠው የዜና ዘመቻ አይደለም፤ ገበያና የጎረቤት ዓይን ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ዜናውም ኋላ መጣ። ሲመጣ ታዲያ ሩዙን አየ፤ ላሚቱን አላየም። የግጦሹ መሬት ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር ያቺ ስሟ የተጠራ ላም መዋያ አጥታ ቁጥሯ እየመነመነ፣ ከሌላው እየተዳቀለች ሄዳለች። ይህን የሚያውቁ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጽፈውታልም። ግን አንድ ማሳ በፎቶግራፍ ያምራል፤ የጠፋ ግጦሽ ፎቶግራፍ የለውም።

ይህን ስል ወሬ ነጋሪ ለገበሬ አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስል። ወሬ ነጋሪ ያጣ ገበሬ ምን እንደሚሆን ወሎ ትናገር። በ1965 የወሎ ሰው መንገድ ዳር ሲያልቅ የአገሪቱ ጋዜጦች ዝም አሉ። ዝም ያሉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ስም ያጎድፋል ተብሎ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ግን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና ለእይታ አቀረቡት፤ ተማሪውም ተነሣ። ከዚያ በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ‘ያልታወቀው ረሀብ’ ያለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የዓለም እጅ ተዘረጋ። እውነት ነው፣ ያ ፊልም ሰው አድኗል፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው።

ነገር ግን የፊልሙን ሁለተኛ ዕድሜ እንመልከት። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ በአዲስ ዓመት በዓል፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙ ስለ ወሎ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አዲስ አበባ ነበር። የወሎ ገበሬ በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን የሚያይበት ቤትም መብራትም አልነበረውም። ስለ እርሱ ተነገረ እንጂ ለእርሱ አልተነገረም፤ እርሱም ምንም አላለም። የመሬት አዋጁ በየካቲት 25 ቀን 1967 ሲወጣ ፊልሙ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ‘መሬት ላራሹ’ ተማሪው ከ1957 ጀምሮ በአደባባይ ሲጮኸው የነበረ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሥዕል ለአዋጁ በር ከከፈቱት አንዱ መሆኑ አይካድም።

አሁን ሥዕሉ ያላሳየውን ተመልከቱ። በዚያ ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የአፋር አርብቶ አደር ነበር፤ ዝናብ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን የበጋ መሸሻው የሆነውን የአዋሽ ዳር የጥጥ እርሻዎች ይዘውበት ነበርና። የረሀብ ፊልም ሬሳ ያሳያል፣ የደረቀ መሬት ያሳያል፤ የለመለመ የጥጥ እርሻ የረሀብ ምክንያት ነው ብሎ ማን ካሜራውን ወደዚያ ያዞራል? አብዮቱ መጣና እርሻዎቹን ወረሰ፤ የመንግሥት እርሻ አደረጋቸው። ለአፋሩ ግጦሹ አልተመለሰም። ያልታየ ነገር አልተስተካከለም። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ በሚያትተው መጽሐፉ ወሎን አንሥቶ ያለው ከዚህ ጋር ይገናኛል፦ በአገሪቱ ውስጥ እህል አልጠፋም ነበር፤ የወሎ ሰው የሚገዛበት አቅም ነው የጠፋው፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይወጣ ነበር። ‘ዝናብ ጠፋ’ ብሎ ዜና መሥራት ቀላል ነው። ‘የመግዣ አቅም ጠፋ’ ብሎ ዜና መሥራት ግን ሥራ ይጠይቃል።

በ1977 ነገሩ በባሰ መልክ ተደገመ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር የሰሜኑ ረሀብ እንዳይወራ ተደርጎ ነበር። በጥቅምት 13 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን የኮረምን ሥዕል ለዓለም አሳዩ። ዓለም አለቀሰ፣ ዘፈነም፣ ገንዘብ አዋጣ። እህሉ ሰው አድኗል፤ ይህንንም አንክድም። ይሁንና ያ ሥዕል ምን ይላል? መሬቱ ሞቷል፣ ሰዉ መሬቱ ላይ ወድቋል ይላል። ከዚህ ሥዕል የሚቀዳው መመሪያ ‘ሰዉን ከሞተው መሬት አንሣው’ ነው፤ መንግሥቱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሠፈራ ከዚያ በፊትም ነበር፤ በዚያ ስፋትና በዚያ ጥድፊያ ግን አልነበረም። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጋዘ። ወድዶ የሄደ አለ፣ ተገድዶ የሄደ አለ፣ ከባለቤቱና ከልጁ ተለያይቶ የሄደ አለ፤ ቆላው በሽታ የጨረሰውም ብዙ ነው። ኮረም ላይ ካሜራ ፊት የተቀመጠውን ሰው ‘አንተ ምን ይሻልሃል?’ ያለው አልነበረም።

ጦርነቱ በዚያ ሥዕል ውስጥ አልነበረም። ኮታውም አልነበረም። ስለ ኮታ ትንሽ ልበል፤ የእኛ አባቶች፣ በተለይ የጎጃምና የጎንደር ገበሬዎች፣ ስሙን ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው ይለወጣልና። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭሩ እሰገድ፣ ከገበሬው እህል የሚሰበስበው ከገበያ በታች በሆነ ቁርጥ ዋጋ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር፤ የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ሱቅ፣ ወታደሩም በሰፈሩ እህል እንዳያጣ። ለዚህ ነገር ፊልም አልተነሣለትም። ኮታ ለካሜራ አይመችም፤ ጆንያ ነው፣ ሚዛን ነው፣ ደረሰኝ ነው። በጋዜጣ ሲወጣም ‘ገበሬዎች ምርታቸውን በደስታ አስረከቡ’ ተብሎ ነው የሚወጣው። ኮታው በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ፤ ያስቀረው ግን ዜና አይደለም። ካዝናው ተራቁቶ፣ ወዳጅ አገሮች እጃቸውን ሰብስበው፣ ጦሩ በየግንባሩ ሲሸነፍ ነው የቀረው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተሸከመው ገበሬ ስለ ኮታ ለአንድ ቀን እንኳ በራዲዮ አልተናገረም።

አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ነገር ይከራከሩኛል። ‘ጋዜጠኛ እውነቱን ይናገር፤ መንግሥት በእውነቱ ምን እንደሚሠራበት የጋዜጠኛ ጉዳይ አይደለም’ ይሉኛል። ጥሩ ክርክር ነው። የካልካታው ዘ ስቴትስማን ጋዜጣ በ1943 እ.ኤ.አ. የቤንጋልን ረሀብተኞች ፎቶግራፍ ሲያትም የእንግሊዝን ገዢዎች ዝምታ ሰብሯል፤ አዘጋጁ ኢያን ስቲቨንስ ውጤቱን እያሰላ ቢቀመጥ ኖሮ ስንቱ በተጨማሪ ያልቅ ነበር! ሴን ነፃ ጋዜጣና ተመራጭ መንግሥት ባለበት አገር የጅምላ ረሀብ አይደርስም የሚለውም ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ተነሥቶ ነው። እስማማለሁ። ግን ልብ በሉ፦ ይህ ክርክር የሚረታው ሰው እየሞተ ባለበት ሰዓት ነው። ቤት ሲቃጠል የሚጮኽ ሰው ‘ጩኸትህ ለማን ነው?’ አይባልም። እርሻ ግን የዓመት ሥራ ነው፤ ገበሬ ከሚሞትበት ቀን የሚኖርበት ቀን ይበልጣል። በሚኖርበት ቀን የሚነገረው ዜና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምስጋና ዜና ነው።

የምስጋና ዜና ከሙሾ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1958 እ.ኤ.አ. የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ በየቀኑ ተአምር የሆነ የሩዝና የስንዴ ምርት ያትም ነበር። አንዱ ወረዳ ሌላውን ለመብለጥ ቁጥሩን ይቆልላል፤ ጋዜጣው ያትመዋል፤ መንግሥት የታተመውን ይዞ ‘ይህን ያህል ካመረታችሁ ይህን ያህል አስረክቡ’ ይላል። በወረቀት ላይ ያለው እህል ሲሰበሰብ የተነሣው ከገበሬው ጎተራ ነበር። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አለቀ። እዚያ የገደለው የመጥፎ ወሬ መታፈን ብቻ አይደለም፤ የመልካም ወሬ መብዛት ጭምር ነው።

የእኛ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ባሕርዩ ግን አይጠፋም። በ2015 ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች ተብሎ ታወጀ፤ የበጋ መስኖ ስንዴ በየዜናው መግቢያ ሆነ። መስኖው ሐሰት አልነበረም፤ የተጠቀሙበት ገበሬዎችም አሉ። በዚያው ዓመት ግን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ወገን የምግብ እርዳታ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት ዘር ሊዘራ ሲል በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፋ፤ ገበሬዎች እርሻቸውን ትተው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት አሉ። እንዴት ነው ነገሩ? ስንዴ ለውጭ የሚተርፍ አገር ለገበሬው ማዳበሪያ እንዴት ያጣል? ሁለቱ ዜናዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ይጠይቀው ነበር። አልተቀመጡም። እዚህ ላይ ነው የዜና ትልቁ ጉልበት ያለው ይመስለኛል፦ መንግሥት አንድን መመሪያ ‘ተሳካ’ ብሎ በአደባባይ ካስነገረ በኋላ ማረም ያፍራል። ወሬው መመሪያውን ያስረዋል። የወረዳው ሹም ቁጥር ይጠየቃል፤ የልማት ሠራተኛው ቁጥር ይፈልጋል፤ ገበሬው ቁጥር ይሆናል።

የጣናውን እምቦጭ ማንሣትም ይቻላል። አረሙ የደንብያንና የፎገራን ዳር ይዞ የገበሬውን የባሕር ሽሽ እርሻና ግጦሽ ሲበላ ዓመታት አልፈውታል፤ ጉዳዩ አገር አቀፍ ዜና የሆነው ‘ጣና ሊጠፋ ነው’ ሲባል ነው። ሐይቅ ያምራል፣ ታሪክ አለው፣ ገዳም አለው። ማሽን መጣ፣ ባለሥልጣን መጣ፣ በጥቅምት 2013 የአንድ ወር ዘመቻ ተደረገ። ካሜራው ሲመለስ አረሙ ተመልሶ በቀለ፤ ገበሬውም እንደ ቀድሞው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ቀረ።

ገበሬው ራሱ ወሬ ነጋሪ የሆነበትን ጊዜ እኛ ተማሪዎች መርሳት የለብንም። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል ‘ቢሮክራሲ’ የሚል ስም የተለጠፈባቸው ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት መያዝ ሲችል። ከእነዚህ ውስጥ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ወይም ዳኛ ከመሆን ያለፈ ሹመት ያላዩ ብዙ ነበሩ። የመንግሥቱ ዜና ማሠራጫ ድልድሉን ፍትሕ ነው አለው፤ መሬት ላጣው ወጣት በእርግጥም ፍትሕ ሊመስለው ይችላል። የተነጠቁት ግን አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ስለ እነርሱ ሰልፍ ወጡ፤ ታሰሩም። ድልድሉ በዚያ አልቆመም። ሆኖም እነዚያ ገበሬዎች የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፦ ሲራቡ ያየናቸው ወይም ሲያመርቱ ያጨበጨብንላቸው አልነበሩም። ሲከራከሩ ነው የሰማናቸው። ስንት ጊዜ ነው የሚከራከር ገበሬ በዜና ያየነው?

መልስ መስጠት የማይችል ሰው ላይ የሚነገር ዜና እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው የምለው ለዚህ ነው። የጋዜጠኛው ዕዳም እዚህ ላይ ነው። አሠራሩን እናውቀዋለን፦ መኪናው ከባሕር ዳር ይነሣል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የልማት ሠራተኛው ይቀበሉታል፣ አንድ ‘ሞዴል’ ገበሬ ማሳው ዳር ይቆማል። ‘ምርቱ እንዴት ነው አባቴ?’ ይባላል። ‘ይመስገን ልጄ’ ይላል። ይመስገን መልስ ነው፤ መልስም አይደለም። በሹም ፊት ለሚጠይቅ እንግዳ የሚሰጥ ጨዋ ቃል ነው። ቅኔ የተወለደበት አገር ሰው ነውና ንግግሩ ሰምም ወርቅም አለው፤ ጋዜጠኛው ሰሙን ጽፎ፣ ወርቁን እዚያው ማሳው ዳር ትቶት ይሄዳል። ማታ ‘አርሶ አደሩ በምርቱ መደሰቱን ገለጸ’ ይባላል። ሚኒስትሩ ይህን ሰምቶ ነው ጠዋት መመሪያ የሚፈርመው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያሳየኝ ሽንኩርት ነው። የፎገራና የደራ ገበሬ ሩዙን አጭዶ በመስኖ ሽንኩርት ይተክላል። አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት ሲወደድ ዜና ነው፦ የቤት እመቤት ትጠየቃለች፣ ነጋዴ ይወቀሳል፣ ባለሥልጣን መግለጫ ይሰጣል፣ የእሑድ ገበያ ይቋቋማል። ፎገራ ላይ ሽንኩርት ሲረክስስ? ሁሉም በአንድ ሰሞን ይደርስበታል፣ ሽንኩርቱ ተከምሮ አይቆይ፣ ማቆያ መጋዘን የለ፤ ዋጋው የነቃዩን የቀን ምንዳ እንኳ ሳይሸፍን ማሳው ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ ዜና አይሆንም። እንዲያውም ከተሜው ‘ተመስገን ረከሰ’ ይላል። አንዱ ዋጋ ነው፤ ለበላተኛው መራር ሲሆን መንግሥት ይነቃል፣ ለአምራቹ መራር ሲሆን ማንም አይነቃም። ከዚያ መመሪያው ሁሉ ‘ዋጋ እንዴት ይውረድ’ የሚል ቢሆን ምን ይደንቃል?

ለገበሬው የሚነግሩት መንገዶች በዝተዋል። የምርት ገበያው ዋጋ በስልክ ይሰማል፤ 8028 ብሎ የደወለ ገበሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የባለሙያ ምክር ያገኛል። መልካም ናቸው። ሆኖም በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ስልክ የደላላው ነው። ሐሙሲት ላይ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አዲስ አበባ የሚደውለው እርሱ የሁለቱንም ገበያ ዋጋ ያውቃል፤ ሚኒስቴሩ ከሚያውቀው ይልቅ ቶሎ ያውቃል።

ለሴሚስተር እረፍት ወደ ደራና ወደ ፎገራ የምትሄዱ ልጆች በመካከላችን አላችሁ። ሽንኩርቱ የሚነሣውም በዚያ ሰሞን ነው። ሐሙሲት ላይ ኪሎው ስንት እንደዋለ፣ ነቃዩ በቀን ስንት እንደተከፈለው፣ የጀነሬተር ነዳጁ ስንት እንደ ገባ፣ በየሳምንቱ ከገበሬው አፍ ጽፋችሁ አምጡ። ‘ይመስገን’ ያላችሁንም በሌላ ቀን፣ ሊቀ መንበሩ በሌለበት ተመልሳችሁ ጠይቁት። ስሙን አትጻፉ፤ ክርክሩን ግን አንዱንም አታስቀሩ። ገጽ አናጣም፤ ለአንድ ግጥም የያዝነውን ቦታ ለዚያ እንለቃለን።